አገር የሚለካበት ራስ

የያፌት ራስ በዓመት አንድ ጊዜ አገር ይዞራል። ያፌትም አብሮት ይሄዳል።

የሥራ መታወቂያው ላይ «ብሔራዊ ማመሳከሪያ ራስ» ተብሎ ተጽፏል። ሰፈር ውስጥ ግን «ጋሽ ዜሮ» ነው የሚሉት። ስድብ አይደለም፤ በዚህ ዘመን ከዜሮ በላይ ማዕረግ የለም። ሰው ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ራሱን ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ ያስገባል። ማሽኑ በአንጎሉ ደቃቅ የደም ስሮች ዙሪያ የተበተኑትን ነጫጭ ነጠብጣቦች አይቶ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ይሰጠዋል። ነጥቡ ስልኩ ላይ ይቀመጣል። ዜሮ የሆነ መኪና ይነዳል፣ ውል ይፈርማል፣ ይመሰክራል፣ ለሽምግልና ይላካል። አንድ የሆነ ኪኒን ይጀምራል። ሁለት የሆነ ኪኒኑንም ሞግዚቱንም ይዞ ይዞራል፤ ያለ ሞግዚት የአውቶቡስ ትኬት እንኳ አይቆርጥም። ሦስት የሆነ ሰው ስልኩን ራሱ ስለማይዝ ነጥቡን የሚያውቁለት ሌሎች ናቸው።

ሰላምታም በዚሁ መጠን ረዝሟል። ጤና ከተጠየቀ፣ ልጆች ከተጠየቁ በኋላ «ነጥብስ?» ይባላል። «ዜሮ፣ ይመስገነው» ማለት ያምራል። ዝም ያለ ሰው ተጨማሪ አይጠየቅም፤ ወንበር ይቀርብለታል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በአገሪቱ ያሉት አሥራ ዘጠኝ ማሽኖች ገሚሱ የተገዙ፣ ገሚሱ በእርዳታ የመጡ፣ ገሚሱ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ ነበሩ፤ ሁለቱ በአንድ ራስ ላይ ተስማምተው አያውቁም። ሐዋሳ ሁለት የተባለ ሰው አዳማ ሲሄድ ዜሮ ይሆናል። ቤተሰብ አባቱን አሳፍሮ ከማሽን ማሽን ያንከራትታል። ስለዚህ የአንጎል ልኬት ባለሥልጣን አንድ ራስ ይመረጥ፣ እሱ በየማሽኑ ይዙር፣ ማሽኖቹም እሱን እኩል እስኪያዩት ድረስ ይስተካከሉ ብሎ ወሰነ።

ያፌት የተመረጠው ራሱ ከሰው ሁሉ የጠራ ስለነበረ አይደለም። የጠራ ራስ ብዙ ነበር። እሱ አይንቀሳቀስም። ማሽኑ ውስጥ የገባ ሰው ጩኸቱን ሲሰማ ወይ ምራቁን ይውጣል፣ ወይ ያሳክከዋል፣ ወይ ያስነጥሰዋል፤ ምስሉም ይበላሻል። ያፌት ይተኛል። አባቱ ወፍጮ ቤት ነበራቸው፤ ተወልዶ ያደገው ከወፍጮው ጀርባ ባለች ክፍል ነው። እዚያ ቤት በአፍ አይወራም፤ ጩኸቱ አያሰማም። አባቱ ከዱቄቱ መሃል በዓይናቸው ይጠይቁታል፣ እሱ በራሱ ይመልሳል፤ ወደ ታች እሺ፣ ግራና ቀኝ እምቢ። ሲመሽ ወፍጮው እየጮኸ ይተኛል፤ ወፍጮው ሲቆም ነበር የሚነቃው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ያፌት ይገባል። ማሽኑ ያየውን ያያል። ያየው ነገር ዜሮ ይባላል። ማሽኑ ሌላ ነገር ካለ የተሳሳተው ማሽኑ ነውና ይስተካከላል። ከዚያ ያፌት ጫማውን ያደርጋል፣ ፈርሞ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሳፈራል። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

ባለቤቱ ኤልዳና ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ ትቀርፅ ነበር። የባሏ ራስ ብዙም አይደንቃትም። እሷ የምታዳምጠው እግሩን ነው።

«ያፌት።»

«አቤት።»

«ወለሉን እየጠረግህ ነው።»

«መጥረጊያው የታለና?»

«በጫማህ። ከበሩ እስከ ሶፋው ሽር፣ ሽር። ድሮ ጠብ፣ ጠብ ነበር የምትለው።»

«ጫማው ሰፍቶኝ ይሆናላ።»

«የአምስት ዓመት ጫማ ዛሬ ነው የሚሰፋው?»

ያፌት ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ዜሮ። አረንጓዴ ነው፤ ዙሪያው ላይ የባለሥልጣኑ ማኅተም ይሽከረከራል። ኤልዳና ማኅተሙ አንድ ዙር እስኪጨርስ አይታ ስልኩን መለሰችለት።

እግሩ ብቻ ቢሆን ዝም ትል ነበር። አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ስትገባ ምድጃው ፊት ቆሟል። በአንድ እጁ ማንቆርቆሪያ፣ በሌላው የሻይ ቅጠል። ስንት ሰዓት እንደቆመ እሱም አያውቅም። የረሳው ነገር የለም። የሻይ ቅጠል የቱ እንደሆነ ያውቃል፣ ውኃ የቱ እንደሆነም ያውቃል። የጠፋው የትኛው እንደሚቀድም ነው። በዚያው ሳምንት የአየር ትንበያ አንባቢዋ «ነገ ሰማዩ ጥርት ያለ ይሆናል» ስትል ያፌት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

«ምን ሆንክ?»

«እኔ እንጃ። ምንም አልከፋኝም እኮ» አለ፣ እንባውን እየጠረገ። ከልቡ ነበር።

ነገሩ ጎልቶ የወጣው ግን በናሆም ልጅ ጉዳይ ነው።

ናሆም የያፌት የልጅነት ጓደኛ ነው። ልጁ ወንዳፍራሽ ኮተቤ ያለች አሰለፈች የምትባል ልጅ ወዷል። (ያለፈው ትውልድ ናሆምና ኤልዳና ነበር፤ እነዚህን ስሞች የሰማ ልጅ ዛሬ የሚታየው ሽበት ነው። ወጣቶቹ ወንዳፍራሽና አሰለፈች ናቸው።) ናሆም ሦስት ሽማግሌ መረጠ፤ ያፌትን፣ ጎረቤታቸውን ማርኮንን፣ አንድ የሰፈር ቄስን። ሦስቱም ዜሮ። ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ ዜሮ መሆን አለበት የሚለው ደንብ የወጣው፣ አንድ ጊዜ አዛውንቶች ሄደው የጎረቤቱን ልጅ ጠይቀው ከመጡ በኋላ ነው።

በሩ ላይ ስልካቸውን አሳዩ። የልጅቷ አባት ጋሽ ኬብሮንም የራሳቸውን አሳዩ፤ ዜሮ። በድሮው ወግ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥም፤ ቆሞ ይለምናል። እነዚህ «ቁጭ በሉ» ሲባሉ ቁጭ አሉ። ስለ ዝናቡ ተወራ። ስለ ጣሪያው ተወራ፤ ጋሽ ኬብሮን ጣሪያ ቀይረው ነበር። ምግብ ቀረበ፣ ተበላ። ቄሱ ቤቱን፣ ጣሪያውን፣ የመጣውንና የቀረውን ባረኩ። ተሳስመው ወጡ። መኪናው ውስጥ ሦስቱም ደስ ብሏቸዋል። የያፌት ስልክ ጠራ።

«ጋሽ ያፌት፣ እንዴት ሆነ?» አለ ወንዳፍራሽ።

«በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው። ጨዋ ቤተሰብ።»

«እሺ አሉ?»

«እንዴታ፣ በደንብ ነው የተቀበሉን።»

«ልጅቷን፤ እሺ አሉ ወይ?»

ያፌት ወደ ማርኮን ዞረ። ማርኮን ወደ ቄሱ ዞረ። ቄሱ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

«ጠይቀናል እንዴ?» አለ ማርኮን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወንዳፍራሽ ስልኩን አልዘጋውም፤ ሲተነፍስ ይሰማል። ኮተቤም ጋሽ ኬብሮንን ባለቤታቸው እየጠየቋቸው ነበር፦ «ሰዎቹ ለምን ነበር የመጡት?» እሳቸው ትንሽ አስበው «ጣሪያውን ሊያዩ መሰለኝ» አሉ።

በማግሥቱ ናሆም እነያፌት ቤት መጥቶ ቁጭ አለ። «አራት ዜሮ አንድ ቤት ተቀምጦ» አለ፣ «አንዲት ጥያቄ ትጥፋ? አራት ዜሮ!» ከዚያ ቀጥሎ ሊናገር ያሰበው ነገር ነበረ፤ አፉን ከፍቶ ቆየና «ሻይ አለ?» አለ።

ኤልዳና አልሳቀችም። ናሆም ሲወጣ በመስኮቱ በኩል አዳመጠችው። ሽር፣ ሽር። ከሱ ኋላ የምታልፈዋ ሴትዮ ሽር፣ ሽር። ማርኮን ከሱቅ ሲመለስ ሽር፣ ሽር። ሁሉም አረንጓዴ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ወለል ይጠርጋል።

የዚያን ሰሞን ባለሥልጣኑ የዓመቱን ውጤት አወጀ። የአገሪቱ ነጥብ ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት ወርዷል፤ ዜሮዎች በርክተዋል፤ ሌሎች አገሮች ልምድ ሊወስዱ ነው። ንግግር አድራጊው ሁለተኛውን ገጽ ከመጀመሪያው አስቀድመው አነበቡ። አዳራሹ በሁለቱም ገጽ አጨበጨበ።

ኤልዳና ቴሌቪዥኑን ዘጋችው።

«ያፌት፣ ማሽኑ ውስጥ ስትገባ ምን ይልሃል?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ መሆንህን በምን አወቅህ?»

«ማሽኑ ነዋ የሚለኝ።»

«ማሽኑንስ ማን ነገረው?»

ያፌት ሶፋው ላይ ተቀምጦ አሰበ። ኤልዳና ሽንኩርት ልጣ ጨረሰች፣ ከተፈች፣ ጣደች። ሽንኩርቱ ቀላ።

«እኔ ነኝ የነገርኩት» አለ በመጨረሻ።

«አንተ ስትታመም አገር ዳነ» አለች ኤልዳና።

መድኃኒት ቤት አብረው ሄዱ። የደም ስሩን የሚያቆየው ኪኒን የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ግን ያቆየዋል ይባላል፤ ቶሎ ከተጀመረ። ፋርማሲስቱ የያፌትን ስልክ አይቶ ፈገግ አለ።

«አባቴ፣ ይሄ ከአንድ ጀምሮ ነው የሚሰጠው። ለዜሮ ምን ያደርግልዎታል?»

«ባይሆንስ ዜሮ?» አለች ኤልዳና።

«ማሽኑ ነው እናቴ፣ እኔ አይደለሁም።» ከዚያ ስሙን አነበበና ብድግ አለ። «እንዴ! ጋሽ ዜሮ እርስዎ ነዎት? እርስዎ ነዎት ኪኒን የሚፈልጉት?» ሳቀ። ወረፋ የያዘው ሰውም ሳቀ። ያፌትም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሌላው ሰው ከጨረሰ በኋላም አልቆመለትም፣ ኤልዳና ክንዱን ይዛ እስክታወጣው ድረስ።

ባለሥልጣኑ ቢሮ ብቻውን ሄደ። የልኬት ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሃሴት ሲያከብሩት የኖሩ ሴት ናቸው፤ ተነሥተው ተቀበሉት።

«ያመመኝ ይመስለኛል» አለ ያፌት።

«ምንዎን?»

«ራሴን።»

ወይዘሮ ሃሴት በሩን ዘጉ። «ጋሽ ያፌት፣ ጉልበትዎን ሊያምዎ ይችላል። ወገብዎንም። ራስዎን ግን...» ትክክለኛውን ቃል ፈለጉ። «እርስዎ እኮ ሜትሩ ነዎት። ሜትር አጠረ ረዘመ የሚባለው ከምን ጋር ተለክቶ ነው?»

«ሌላ ራስ ቢፈለግ?»

«ሌላ ራስ ከተፈለገ የሁለታችሁ ልዩነት ይጻፋል። ልዩነቱ ከተጻፈ ማሽኖቹ በሙሉ እንደገና ይስተካከላሉ። ማሽኖቹ ከተስተካከሉ፣» አሉና መስኮቱን አዩ። ከታች አደባባዩ ላይ መኪኖች በጣም ቀስ ብለው ይዞራሉ። «ስንት ሾፌር፣ ስንት ዳኛ፣ ስንት ምስክር። ዳኛው ዜሮ ካልነበረ ያ ሁሉ ፍርድ ምን ሊባል ነው? እኔም እኮ ዜሮ ነኝ ጋሽ ያፌት።»

ውኃ ቀዱለት። ከዚያ ወደ ሥራ ተመለሱ።

«አሁን የቀረችን የጂንካዋ ብቻ ናት። ጎርፉ ድልድዩን ከወሰደው ወዲህ አልደረሱባትም፤ አምስት ዓመት ሆናት ሳትስተካከል። በሰው ሁሉ ላይ ሁለት እየጻፈች ነው አሉ። ሕዝቡ ቀጣፊዋ ነው የሚላት። ድልድዩ ተሠርቷል፤ ሄደው ያስተካክሉልን፣ ከዚያ ያርፋሉ።»

ያፌት እሺ ብሎ ወጣ። ቤት ገብቶ የተባለውን ለኤልዳና ሲነግራት ስለ ማረፉ ነበር የሚያወራው። ኤልዳና እጇን አነሳች።

«አምስት ዓመት ነው ያሉህ?»

«አዎ፣ ድልድዩ...»

«አምስት ዓመት። ያኔ እግርህን ታነሳ ነበር።» ተነሥታ ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ጎተተች። «ያፌት፣ ይሄ አገር ውስጥ የድሮውን አንተን የምታውቅ አንዲት ማሽን ቀርታለች። እሷንም ልታስረሳት ነው የሚልኩህ። አብሬህ እሄዳለሁ።»

አውቶቡሱ የፊት መስታወቱ ላይ «ሾፌር፦ ዜሮ» ብሎ በትልቁ ለጥፏል። ሶዶ ሲደርሱ አደባባይ ውስጥ ገባ። ዞረ። መውጫዋን አለፋት፣ እንደገና ዞረ። ተሳፋሪው ዝም ብሎ ግራና ቀኝ ያያል፤ ያው ሐውልት፣ ያቺው ሙዝ ሻጭ፣ ያው ሐውልት። ሙዝ ሻጯ መጀመሪያ ሙዝ አሳየቻቸው፣ ቀጥሎ እጇን አውለበለበች፣ በመጨረሻ ተነሥታ ቆመች።

«ሾፌር! በቀኝ ነው!» ብላ ጮኸች ኤልዳና።

«በቀኝ መሆኑንማ አውቃለሁ እናቴ» አለ ሾፌሩ፣ ሳይቆጣ። «መቼ የሚለው ነው የጠፋኝ።»

«አሁን!»

«አሁን» አለና ታጠፈ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ። ያፌት የወንበሩን ጫፍ ይዞ ነበር። እጁን ሲያየው የያዘው ከብዙ ጊዜ በፊት ሳይሆን አይቀርም፤ ደንዝዟል። ከዚያ ወዲያ እስከ ጂንካ አልተኛም። ተነሥቶ መቀመጥ፣ መስኮቱን ከፍቶ መዝጋት፣ ስልኩን አውጥቶ አረንጓዴውን ማየት፣ መልሶ መክተት።

«ሁለት ብትለኝስ?» አለ፣ ኮንሶ ላይ።

«ኪኒን ትጀምራለህ።»

«ሥራው ይቀራል። ስሙም። ካለ አንቺ ትኬት አልቆርጥም። የሰው ዳስ ውስጥ ስገባ ወንበር ነው የሚያቀርቡልኝ።»

«ቁጭ ትላለኻ።»

«ዜሮ ብትለኝስ?»

ኤልዳና ወደ መስኮቱ ዞረች። «ያኔ ጫማ እገዛልሃለሁ» አለች።

የጂንካው ጣቢያ ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ነው። በሩ ላይ ሰው የለም፤ ግድግዳው ላይ ግን «ቀጣፊ» ተብሎ በከሰል ተጽፏል። ባለሙያዋ አፀደ ሠላሳ ገደማ የሆናት ሴት ናት፤ የተጠበሰ በቆሎ እየጋጠች ወጣች። ያፌትን አይታ እጇን በጋዋኗ ጠረገች።

«ጋሽ ዜሮ! መቼም አይመጡም ብዬ ነበር።»

«ድልድዩ ነው» አለ ያፌት።

«ድልድዩማ ከተሠራ ቆየ። ሰውም የተሻገረው ከሷ ለመሸሽ ነው።» በበቆሎው ወደ ማሽኑ ክፍል ጠቆመች። «ሁለት የምትለው ሰው ሁሉ አርባ ምንጭ ይሄዳል፣ ዜሮ ሆኖ ይመለሳል። ታጥቦ መጣ ነው የሚባለው። ዛሬ ደግሞ ገና ለገና እርስዎ ሊመጡ ነው ተብሎ ማንም አልመጣም። ነገ ሲስተካከል በነፃ እንታጠባለን ብለው።»

ደንቡ ሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ማሽኑ የማመሳከሪያውን ራስ ያነብባል። በሁለተኛው ያነበበውን ዜሮ እስኪሆን ያስተካክላል። ያፌት ቀለበቱን፣ ቀበቶውን፣ ስልኩን ለኤልዳና ሰጥቶ ገባ። ማሽኑ መጮኽ ጀመረ። እሱም እንደ ልማዱ ተኛ።

ሲነቃ ማሽኑ ቆሟል። አፀደ ከመስታወቱ ጀርባ አልተንቀሳቀሰችም። ኤልዳና አጠገቧ ቆማለች። በደንቡ ማመሳከሪያ ራስ የራሱን ንባብ አያይም። ሃያ ዓመት ሙሉ አላየም። ተነሥቶ፣ በካልሲው፣ ሽር ሽር እያለ ወደ መስታወቱ መጣ።

«ስንት አለች?»

አፀደ ወደ ኤልዳና አየች። ኤልዳና ራሷን ወደ ታች ነቀነቀች።

«ሁለት» አለች አፀደ።

ምስሉን አሳየችው። ያፌት የራሱ ራስ እንደሆነ ለማመን ጊዜ ወሰደበት። መሃሉ ላይ ካሉት ሁለት ጥቁር ክንፎች ዙሪያ ነጩ ተበትኗል። ወፍጮ ቤት ግድግዳ ላይ የሚቀረውን ዱቄት ይመስላል፤ ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ በዝቶ፣ ሌላው ጋ ነጠላ ነጠላ።

«ቀጣፊ ናት ልበልሽ?» አለ ያፌት።

«የመጣ ሁሉ ይላታል። አንድ እርስዎ ቢጨመሩ አይከፋትም።» በቆሎዋን አስቀመጠች። «እኔም ብያታለሁ። እናቴን ሁለት ስትላት ሰደብኳት። አርባ ምንጭ ወስጄ አሳጠብኳት፤ ዜሮ ሆና ተመለሰች። ኪኒን ስጧት ያልኳቸው ሁሉ ዜሮ ናት አሉኝ። አሁን እናቴ ስሜን ጠርታ ታለቅሳለች። ስትጨርስ ደግሞ ለምን እንዳለቀሰች ትጠይቀኛለች።»

ውጭ ገበያው ይሰማል።

«እንግዲህ» አለች አፀደ፣ ፊቷን ወደ ማሽኑ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ መልሳ፣ «እኔ ደንቡን ነው የምሠራው። ሁለተኛው ዙር አለ። ከገቡ አስተካክላታለሁ። አልገባም ካሉ ነገ ባለሥልጣኑ ያለፈው ዓመት የሶዶ ምስልዎን ይልክና ከሩቅ ያስተካክላታል፤ ያንንም ይችላል። ማስተካከያ የሚከለክለው አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«ምን?» አለች ኤልዳና።

«ራሱ ሲንቀሳቀስ። ሦስት ጊዜ የተንቀሳቀሰ ማመሳከሪያ ይሰረዛል፤ ከሱ የተወሰደ ማንኛውም ምስል ተመርምሮ እስኪያልቅ ምንም ማሽን በሱ አይነካም። የምርመራው ኮሚቴ ደግሞ...» ትከሻዋን ነቀነቀች። «ዜሮዎች ናቸው። ስብሰባ ጠርተው የተሰበሰቡበትን እስኪያገኙት ዓመት ይበቃል። ግን እርስዎ አይንቀሳቀሱም። ትምህርት ቤት ሳለን ስለርስዎ ተምረናል።»

ያፌት ኤልዳናን አያት። ጫማውን በእጇ ይዛ ቆማለች፤ አፍንጫው ላይ ተገሽልጧል።

ተመልሶ ገባ። ተኛ። ራሱን በሁለቱ ትራሶች መሃል አስቀመጠ። አፀደ በድምፅ ማጉያው «ጋሽ ያፌት፣ ዝግጁ ነዎት?» አለች፤ መልሱ ሳይሰማ ማሽኑ ጮኸ።

መጀመሪያ አልቻለም። ሰውነቱ የለመደው ሌላ ነው፤ ጩኸቱ ሲመጣ ዓይኑ ይከደናል፣ ትከሻው ይወድቃል። እንቅልፉ እንደ ድሮው ከእግሩ ጀምሮ መጣ። ዓይኑን በግድ ገለጠ። ከፊቱ ያለችው ትንሽ መስታወት ከእግሩ በኩል ያለውን መስኮት ታሳያለች፤ ከመስኮቱ ጀርባ አፀደና ኤልዳና ቆመው ያዩታል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ አይሰማም። ኤልዳና ቅንድቧን አነሳች። ልክ አባቱ ከዱቄቱ መሃል ሆነው እንደሚጠይቁት።

ያፌት ራሱን ወደ ግራ አዞረ። ከዚያ ወደ ቀኝ።

ማሽኑ ቆመ። «ራሱ ተንቀሳቅሷል፤ ማስተካከያው አልተወሰደም» የሚል የተቀረፀ የሴት ድምፅ ተናገረ። አፀደ እንደገና አስጀመረች። ግራ፣ ቀኝ። ቆመ። ሦስተኛውን ሲጀምር ያፌት ፈገግ እያለ ነበር፣ ወይም እያለቀሰ፤ በዚያ በሽታ ሁለቱን ለመለየት ያስቸግራል። ግራ፣ ቀኝ።

«ማመሳከሪያው ተሰርዟል» አለች የተቀረፀችው ሴትዮ፣ በዚያው ቃና።

ከክፍሉ ሲወጣ ስልኩ ኤልዳና እጅ ላይ ተንቀጠቀጠ። አረንጓዴው ጠፍቶ ነበር። ማመሳከሪያ ያልሆነ ራስ ተራ ዜጋ ነው፤ ተራ ዜጋ ደግሞ የመጨረሻ ንባቡ ይመዘገብለታል። ቀይ፣ ሁለት። ከሥሩ ኪኒኑን የሚወስድበት መድኃኒት ቤት አድራሻ መጥቷል። ከሱ ሥር «የሞግዚት ስም ያስገቡ» ይላል። ኤልዳና ስሟን ጻፈች።

«ነጥብዎ ስንት ነው?» አለች አፀደ። ለመዝገቡ መጠየቅ ነበረባት።

ያፌት ለሃያ ዓመት የለመደውን ቃል ሊል አፉ ተዘጋጅቶ ነበር። ቆይቶ «ሁለት» አለ።

አፀደ ወንበር አቀረበችለት። ቁጭ አለ።

ወዲያው ናሆም ደወለ፤ ኤልዳና አነሳችው። ሽማግሌዎቹ ኮተቤ ተመልሰው ሄደው ነበር። በዚህኛው ጊዜ ወንዳፍራሽ ጥያቄውን በማርኮን መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ጽፎላቸው ነበር፤ ማርኮን ቆሞ አነበበው። ጋሽ ኬብሮን እሺ ብለዋል። «ያፌትስ መቼ ይመጣል? ለሠርጉ ሽማግሌ ነው እኮ» አለ ናሆም።

«ሽማግሌ አይሆንም» አለች ኤልዳና። «እንግዳ ሆኖ ይመጣል።»

ስልኩን ዘግታ ጉትቻዋን ማውለቅ ጀመረች። አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ቀለበቷን። ሁሉንም በያፌት መዳፍ ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?» አለ።

«ሬዲዮ ጣቢያ ሳለሁ ቀረፃ ሲበላሽ በመጀመሪያ የምፈትሸው የራሴን ማዳመጫ ነበር።»

«አንቺ እኮ ሁሉን የምታውቂ ነሽ።»

«አንተስ አልነበርክም ዜሮ?» አለችና ወደ አፀደ ዞረች። «ልጄ፣ ማሽኗን አልነኳትም አይደል? እንደነበረች ናት?»

«እንደነበረች ናት እማማ።»

ኤልዳና በኮሪደሩ ወደ ማሽኑ ክፍል ሄደች። ያፌት ጉትቻዎቹን ጨብጦ ጆሮውን አቀና። እግሯን ለማዳመጥ ሞከረ። ሠላሳ ዓመት አብሯት ሲኖር አንድ ቀን አዳምጦት አያውቅም፤ ስለዚህ ጠብ ጠብ ይሁን ሽር ሽር፣ ድሮስ የቱ እንደነበረ፣ መለየት አልቻለም። በሩ ተዘጋ።

ማሽኑ መጮኽ ጀመረ። ያፌት ዓይኑን ገልጦ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አልተኛም።